ቀን ነጋሪዋ ፔሩዝ

በእኛ መንደር በኮለሰር የፔሩዝን ጣቶች የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጥቁር ነበሩ። ሙሽሮች እጃቸውን በሂና ሲያቀሉ፣ እሷ ከአሥራ አምስት ዓመቷ ጀምሮ ጣቶቿን እንደ ከሰል አጥቁራ ነው የኖረችው። የባሉጥ ዛፍ እባጭ በብረት ቢላዋ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ጭማቂ ከብረቱ ጋር ተዋድዶ ቀለም ይሆናል፤ ያ ቀለም ቆዳ ውስጥ አንዴ ከገባ በሳሙናም በአመድም አይለቅም። የቀሚሳችን እጅጌ ረዥም መሆኑ ጠቀማት። ሰው ፊት ስትቀመጥ እጆቿን እዚያ ውስጥ ትሰበስባቸው ነበር።

እባጯን ማዚ እንላታለን። ከጉንዳን የማትበልጥ ተርብ በጊዜዋ መጥታ የባሉጡን እምቡጥ ወግታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ዛፉም እንደ ተቆጣ ሰው ያብጣል። እብጠቱ እየከበበ፣ እየጠነከረ ሄዶ በበጋው አጋማሽ የልጆች ብይ ያህላል፤ ላዩ ጉብ ጉብ ያለ፣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ የሚወስደው አረንጓዴ። የተርቧ ልጅ መሐሉ ላይ ተዘግታ ትኖራለች። ክንፍ አውጥታ ግድግዳዋን በስታ ከወጣች ማዚዋ ትነጣለች፣ ኃይሏም ያልቃል፤ የባኔ ከተማ ቆዳ ፋቂዎች ቀዳዳዋን ሲያዩ በግማሽ ዋጋ እንኳ አፍንጫቸውን ይነፉባታል። ቀድመው ከለቀሟት ደግሞ ጣሪያ ላይ ስትሰጣ እንደ አሮጊት ጉንጭ ትጨማደዳለች።

ስለዚህ ቀን አለ። ቀኑ እስኪነገር ድረስ በገዛ ድርሻው ዛፍ ላይ እንኳ እጁን የሚዘረጋ የለም። አንድ ዓመት አንድ ሰው ዘርግቶ፣ ክረምቱን ሙሉ ሰላምታ የሚመልስለት አጥቶ ከግድግዳ ጋር ሲያወራ ከርሟል። ቀኑን የምትናገረዋ ሴት ከበጋው መጀመሪያ አንሥቶ ጠዋት ጠዋት ወደ ጫካው ትወጣለች። ከፀሐያማው ጎን፣ ከጥላው ጎን፣ ከወንዙ አፋፍ አንድ አንድ እየቆረጠች ትሰነጥቃለች። ውስጥ የተኛችው ነጭ ናት፤ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች። መጀመሪያ የሚጠቁረው ዐይኗ ነው። ዐይኗ ከጠቆረ ስድስት ሰባት ቀን ቢቀራት ነው፤ ያኔ መንደሩ ሁሉ ጆንያና መንጠቆውን ይዞ ይወጣል።

ይህ ቀላል ይመስላል። ቀላል እንዳይሆን የምታደርገው እንግዳዋ ናት። አረንጓዴ ሆና እንደ ሐር የምታብለጨልጭ፣ ረዥም ጅራት ያላት ሌላ ተርብ አለች፤ ማዚዋን ከውጭ በጅራቷ ወግታ የራሷን እንቁላል ታስገባለች። የእሷ ልጅ የቤቱን ባለቤት በልታ አልጋው ላይ ትተኛለች። እሷም ነጭ ናት፣ እሷም የሩዝ ፍሬ አታህልም፤ የእሷም ዐይን መጀመሪያ ይቀላና ኋላ ይጠቁራል፤ ግን ከባለቤቷ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ነው። እንግዳዋ ባለቤት መስላው ቀን የተናገረ ሰው መንደሩን ያስርባል።

ሐመሳሌ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሐመሳሌ የፔሩዝ ታላቅ ወንድም ነው። ቀን ነጋሪነቱ የእናታቸው የኸጅ ነበር፤ ኸጅ ከእናቷ፣ እናቷ ከአክስቷ ወርሰውት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስታውስ የለም። በምላሹ እያንዳንዱ ቤት ከለቀመው ላይ አንድ አንድ ቁና ለቀን ነጋሪዋ ቤት ይሰጣል። ኸጅ በሳል ስትሞት ፔሩዝ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ጫካ ስትወጣ ነው ያደገችው። ሐመሳሌ ግን «መንደር በሴት ልጅ አፍ አይወጣም፤ እኔ አያለሁ» አለ። ከመንገዱ ዳር ካለው አንድ ዛፍ አምስት ማዚ ሰነጠቀ፤ በአምስቱም ዐይኑ ጠቁሯል።

«ካካ፣ እነዚህ እኮ እንግዶች ናቸው» አለችው ፔሩዝ፤ ታላቅ ወንድምን ካካ ነው የምንለው።

«እንግዳ አንቺ ነሽ፣ አግብተሽ ሰው ቤት የምትሄጅ!» ብሎ አባረራት።

በዚያ ዓመት የመንደሩ ማዚ ሁሉ ጣሪያ ላይ ተጨማደደ። ክረምቱን የባሉጥ ፍሬ ፈጭተን በላን፤ ያንን መራራ ቂጣ እስካሁን ምላሴ አልረሳውም። በሚቀጥለው በጋ ሽማግሌዎቹ መጥተው ሐመሳሌን አልፈው ለፔሩዝ ቢላዋውን ሰጧት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢላዋው ከእጇ አልወጣም፤ እሷም ከመንደሩ አልወጣችም። ሰርግ ቢጠሩ፣ ዘመድ ቢሞት፣ በበጋ ከኮለሰር ሸለቆ ወጥታ አታድርም። ዐይኑ የሚጠቁርበትን ሌሊት ማን ያውቃል?

ሐመሳሌም «ሰው ቤት የምትሄጅ» ማለቱን ተወ። እንዲያውም ጭራሽ እንዳትሄድ ሆነ። የመጀመሪያው ለጋብቻ ሲጠይቃት «ገና ልጅ ናት» አለ። ሁለተኛውን «ዘመዶቹ አይረቡም» አለ። ሦስተኛውን ያለ ምክንያት መለሰው። ፔሩዝ ከመጋረጃው በስተጀርባ ሆና ትሰማለች፤ ሻይ የምታፈላው እሷው ናት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ ዓመት ሞላት።

ከዚያ ወስማን መጣ። ወስማን የወዲያኛው ሸለቆ ሰው፣ የጭነት ኮርቻ ሰሪ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ የሌለው። የሐመሳሌን በቅሎ ኮርቻ ሊጠግን ግቢያቸው ተቀምጦ ሳለ ፔሩዝ ዶግ፣ በውሃ የተበጠበጠ እርጎ፣ ልትሰጠው እጇን ስትዘረጋ እጅጌዋ ወደ ኋላ ሸሸ።

«እጅሽን ምን ነካው? እሳት ነው?» አላት።

«ቢላዋ» አለችው። «ማዚ ስሰነጥቅ።»

የራሱን መዳፍ ገልብጦ አሳያት። እስከ አንጓው ድረስ ቡናማ ነው። «የኔን ቆዳ የሚያለፋው ያንቺ ማዚ ነዋ። ሳንተዋወቅ አብረን ስንሠራ ኖረናል።»

«እንግዲያው የበቅሏችን ጀርባ የተላጠው በኔ ጥፋት ነው በለኛ!»

ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ሸውኔም የምትባለው የሐመሳሌ ሚስት ሊጡን ትታ በበሩ ብቅ አለች፣ ፔሩዝ ስትስቅ ሰምታ ስለማታውቅ። ወስማን ያችን ኮርቻ ለመጠገን አራት ቀን ፈጀ፤ የአንድ ቀን ሥራ ነበር።

በመከር ሽማግሌ ላከ። ሐመሳሌ እንደ ልማዱ ሊመልሳቸው አፉን ሲከፍት፣ የመንደሩ ትልቅ ሰው ማም ፈቄ ቀደመው። ማም ማለት አጎት ነው፤ ፈቄ ግን የሁሉም አጎት ነበር።

«ሐመሳሌ፣ እህትህን ጨው ነስንሰህ ልታስቀምጣት ነው እንዴ? ሥጋ እኮ አይደለችም!»

«እኔ ምን አደረግሁ፣ ማም ፈቄ? እሷ ከሄደች ቀኑን ማን ይናገራል? እርስዎ ይነግሩናል?»

«እኔማ የገዛ ዐይኔ ጠቁሮ ይሁን ነጥቶ አላውቀው።»

ተሳሳቁ፤ ግን ነገሩ እውነት ስለሆነ ሳቁ አልቆየም። ብዙ ተባባሉና በመጨረሻ ሐመሳሌ የተናገረው ቃል ሆኖ ተወሰደ፦ «ልጄ ኩዌስታን ትማር። እሷ ያወቀች ዕለት ፔሩዝ በሙሉ ፈቃዴ ትሂድ።» ወስማን ሁለት በጋ እጠብቃለሁ አለ።

ኩዌስታን ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ፈጣን ልጅ ነበረች፤ እጇ ከዐይኗ፣ ምላሷ ከሁለቱም ይቀድማል። በመጀመሪያው በጋ ፔሩዝ ልጅቷን ይዛ ጫካ ስትወጣ ክንፍ አውጥታ ነው የወጣችው ማለት ይቻላል። እየሄደች ትዘፍናለች። ለኩዌስታን ማዚን ከሌሎቹ እባጮች መለየት አስተማረቻት፦ ቡናማ ሆና አናቷ ላይ እንደ ዘውድ የተደረደረ ጉጥ ያላት ለምንም አትሆንም፤ ቅጠል ሥር እንደ ምስር የምትለጠፈው ፍየል ትበላታለች እንጂ ነጋዴ አይገዛትም፤ ሙጫ የምትተፋው እጅ ታጣብቃለች። ከዚያ መሰንጠቅ። ከዚያ እንግዳዋን ከባለቤቷ መለየት፤ እንግዳዋ ጠበብ ብላ ወገቧ ይታጠፋል፣ ባለቤቷ ጎባጣና ሆዳም ናት።

በበጋው መጨረሻ ልጅቷ ከድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ «ይቺ ባለቤት ናት፣ አክስቴ፤ ዐይኗ አቧራ እንደ ነካው ሆኗል፣ ነገ ተነገ ወዲያ ይጠቁራል» ስትላት ፔሩዝ ቢላዋዋን አስቀምጣ ግንባሯን ሳመቻት። ያ እሷ እንኳ በሦስት ዓመት የተማረችው ነው። ወደ ቤት ስትመለስ ሣጥኗን ከፍታ የእናቷን ሐር ሻሽ አየች። አልለበሰችውም፤ አይታ ዘጋችው።

በክረምቱ ከመሪዋን ከተማ የመጣ ዘመድ በእንግድነት ሰንብቶ፣ ሻይ እየጠጣ ኩዌስታንን አየና «ይቺንስ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይተን ለኛ ልጅ ብንላት?» አለ።

ሐመሳሌ እጁን እንደ ዝንብ ማባረሪያ አወዛወዘ። «ይቺን ተዋት። ይቺ የመንደሩ ናት፤ አትሄድም።»

ኩዌስታን ምድጃው አጠገብ ነበረች። እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረች።

ሁለተኛው በጋ መጣና ልጅቷ ደነዘዘች። ያሳየቻትን ታምታታለች፣ የነገረቻትን ትረሳለች። ዘውዳሟን እባጭ «ማዚ ናት?» ብላ ትጠይቃለች። ፔሩዝ መጀመሪያ ዕድሜዋ ነው ብላ ተወቻት። ቀጥሎ ተቆጣች። ቀጥሎ ለመነቻት። ቀኑ እየቀረበ ነው፤ ወስማንም አዲስ ኮርቻ በበቅሎው ላይ ጭኖ ለመጨረሻው መልስ መጥቶ ከማም ፈቄ ቤት አርፏል።

ሽማግሌዎቹ አንድ ጠዋት ከሐመሳሌ ጣሪያ ላይ ተሰበሰቡ። ፔሩዝ አሥራ ሁለት ማዚ ሰንጥቃ በሰፌድ ደረደረች፤ ሰባቱ ባለቤቶች፣ አምስቱ እንግዶች። ኩዌስታን ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ተናገረች፦ «እንግዳ። እንግዳ። ባለቤት። እንግዳ…» ሲያልቅ ሁሉም ፔሩዝን አዩ።

«አንዷንም አላገኘችም» አለች ፔሩዝ። ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር።

ማም ፈቄ ጭኑን መታ። «የሰው ያለህ! አህያዬን ብጠይቃት እኮ ከአሥራ ሁለቱ አምስት ስድስቱን በጆሮዋ ታገኝ ነበር!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሐመሳሌም ሳቀ፣ ኩዌስታንም አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። ፔሩዝም ከንፈሯ ሊከፈት ሲል ቆመ። የማያውቅ ሰው በዕድል የተወሰነውን ያገኛል። አሥራ ሁለቱንም ለመሳት አሥራ ሁለቱንም ማወቅ ያስፈልጋል።

ሽማግሌዎቹ «ነገ ፔሩዝ ራሷ ትንገረን፤ ጊዜ ብንሰጣት ልጅቷ ታውቃለች ወይስ አታውቅም? እሷ ያለችው ይሆናል» ብለው ተነሡ።

ከሰዓት በኋላ ፔሩዝ ልጅቷን ምንጩ አጠገብ አገኘቻት። ምንጣፍ እያጠበች ነበር።

«ሁሉንም ነው የሳትሽው» አለቻት።

«እንግዲህ አልገባኝም፣ አክስቴ። ጭንቅላቴ ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይማ ቢሆን አንዷን ያገኝ ነበር።»

ኩዌስታን ምንጣፉን በዱላ መታች፣ ደግማ መታች። ከዚያ ዱላውን ወረወረችው። «አንቺን እያየሁ ነው ያደግሁት። እኛ ለሰርግ ስንለባብስ አንቺ በር ላይ ቆመሽ ትሸኝናለሽ። ሙሽራዋ እንዴት ነበረች ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። እኔ እንዴት እንደነበረች ስነግርሽ ሆዴ ይባባ ነበር። አሁን ግን እኔን ማን ይነግረኝ?»

«እኔስ? ስለዚህ እኔ ልቅር?»

«እኔ ቅሪ አላልሁሽም። አላውቅም ነው ያልሁት።»

«ኩዌስታን!»

«ንገሪያቸው» አለች ልጅቷ፤ አሁን እያለቀሰች ነው። «ንገሪያቸው፣ ያምኑሻል። አልክድም። ቢላዋውንም እቀበልሻለሁ። ወስማን ደግ ሰው ነው፤ ሂጂ። ብቻ እኔን አስተማርኋት ብለሽ ደስ አይበልሽ።»

ፔሩዝ ምንጣፉን ባንድ ጫፍ ይዛ አብራት ስትጨምቅ ውሃው በእጅጌዋ ገባ። ያን ምሽት ራት አልበላችም። እውነቱን መናገር ኃጢአት አይደለም፤ ይህን ደጋግማ ለራሷ ነገረችው። ውሸት ብትናገር ነው እንጂ እውነት ብትናገር ማን ይወቅሳታል? አሥራ ሰባት ዓመት ቀን ተናግራለች፤ አንድም ዓመት አልዋሸችም። ነገም አትዋሽም። እንዲህ ቆርጣ ነው የተነሣችው፤ የእናቷንም ሻሽ አሰረች።

እሷ ስትገባ ወስማን ከሽማግሌዎቹ ጋር ምንጣፉ ዳር ተቀምጧል። ሻሹን አየ፤ ቶሎ ዐይኑን ወደ ጫማው መለሰ፣ ፈገግታው እንዳይታይበት። ኩዌስታን ሻዩን በሰሐን ይዛ ገባችና ለእያንዳንዱ ተንበርክካ ሰጠች። ለፔሩዝ ስታቀብል የልጅቷ አውራ ጣት ከብርጭቆው ጠርዝ ላይ ነበር። ጥፍሩ ሥር ጥቁር መስመር ጀምሯል፤ ትንሽ ነው፤ አሸዋ ቢፈገፍገው ገና የሚለቅ።

«እህ፣ ፔሩዝ?» አለ ማም ፈቄ። «ልጅቷ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«በጊዜስ?»

«ዐይን የላትም» አለች ፔሩዝ። «መቶ ዓመት ብትሰጧት አታውቅም። የማውቀው እኔ ነኝ።»

ከአፏ እንዴት እንደወጣ እሷም አታውቀው። ተናግራ ስትጨርስ ሊመልሰው የሚችል አንድ ሰው ቢኖር ብላ ዙሪያዋን አየች። ኩዌስታን ባዶውን ሰሐን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። ሐመሳሌ ጢሙን እያሸ ነው፤ ደስታውን ለመደበቅ ያለ የሌለ ኃይሉን እየተጠቀመ።

ወስማን ሻዩን እስከ ጠብታው ጠጣ። «ሌላ በጋ ልጠብቅ እንዴ?» ብሎ እሷኑ ጠየቃት፣ ሽማግሌዎቹን ሳይሆን።

አትጠብቅ ለማለት ራሷን ነቀነቀች። ተነሣ፣ ወጣ፣ አዲሱን ኮርቻ ከበቅሎው ላይ አውርዶ ደጃፉ ላይ አስቀመጠው። «ለናንተ በቅሎ ነው የሠራሁት» አለ። «ይሄኛው ጀርባዋን አይልጣትም።» በባዶ በቅሎ ሄደ። በመከር ከራሱ መንደር አንዲት መበለት እንዳገባ ሰማን። መልካም ሴት ናት ይላሉ።

ፔሩዝ ይህን ያደረገች ደግ ስለሆነች ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ያን ክረምት አላያትም። ከኩዌስታን እጅ ቂጣ አልቀበልም አለች። ልጅቷ ስትገባ ትወጣለች፤ ስትስቅ ትቆጣለች። ሸውኔም «ወስማን ነው ያቃጠላት፣ ተዉአት» ትል ነበር። አንድ ቀን ኩዌስታን እግሯን ይዛ ስታለቅስ «ተነሽ፣ ሥራ ይዣለሁ» ብላ አልፋት ሄደች። ተናግሬ በነበር ብላ የምታስብበት ሌሊት ስንት እንደሆነ ማን ይቆጥረዋል? ፍቅሯም ቁጣዋም አንድ ልጅ ላይ ነበር፤ ሁለቱም ከአንድ ቤት የሚወጡበት በር አልነበራቸውም።

ኩዌስታን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወደ መሪዋን ተዳረች። ለመንደሩ የማትጠቅም ልጅ ናትና ሐመሳሌ አልከለከለም። ሰርጉ ግን የዋለው ዐይኑ በሚጠቁርበት ሳምንት ነው፤ ፔሩዝ አልሄደችም። ሙሽራዋ እንዴት እንደነበረች ሸውኔም ነገረቻት።

ከአምስት ዓመት በኋላ ኩዌስታን ሴት ልጇን አስከትላ በበጋ መጣች። የፔሩዝ ቁጣ ያኔ ደክሞት ነበር፤ አክስትና ልጅ ጣሪያው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ፔሩዝ እየሰነጠቀች፣ ኩዌስታን ሽንኩርት እየላጠች ያወራሉ። ሐመሳሌ፣ አርጅቷል፣ ትራሱን ተደግፎ ሻይ ይጠጣል። ሕፃኗ ከሰፌዱ የተሰነጠቀች ማዚ አንሥታ ለእናቷ አሳየቻት።

«ይቺ እንግዳዋ ናት» አለቻት ኩዌስታን ከሽንኩርቱ ቀና ሳትል። «ተያት፣ አትሆንም። አክስቴ፣ ያቺኛዋ ግን ባለቤት ናት፣ ዐይኗ ጠቁሯል እኮ።»

ከዚያ እጇ ቆመ።

ሐመሳሌ ሻዩን የሚያጣፍጥበትን ስኳር በጥርሱ እንደያዘ ቀረ። ልጁን ኩዌስታንን አየ፤ ረዥም ጊዜ አየ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ፤ አርባ ዓመት ሊሞላት ነው፣ ሻሿ ሥር ፀጉሯ ነጥቷል። አፉ ሊናገር ተንቀሳቀሰ። ከደረጃው የምትወጣው ሸውኔም «ምነው፣ ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ?» አለች።

ሐመሳሌ ስኳሩን ዋጠና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ቀኑ መቼ ነው፣ ፔሩዝ?» አለ።

ፔሩዝ ከሰፌዱ አንዲት አነሣች፣ ሰነጠቀች፣ ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጋ አየቻት። ማየት ከሚያስፈልጋት በላይ ቆየች።

«ሐሙስ» አለች።

ሐሙስ ወጣን። ያን ዓመት ማዚው ጥሩ ነበር።